የእድራችን ጸሐፊ ሞት

እዚህ ወሬ ውስጥ ጠብታ ውሸት ከተገኘ ምላሴ ይቆረጥ!

የእድራችን ጸሐፊ የሞት ማስታወቂያ በቁም ጽሕፈት እየጻፉ የመብራት ምሰሶ ላይ ሲለጥፉ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ዘንድሮ ሥራው ወደ ቴሌግራም ዞረ፤ ሰዉም ሐዘኑን በአንድ የሚያለቅስ ፊት ምልክት ይገላገል ጀመር።

«ማንበብ የተሳነው መንጋ! ብሞት እንኳ አያውቅም» አሉና፣ ይህንኑ ሊያሳዩ በልጃቸው ስልክ የራሳቸውን መርዶ ለጠፉ።

ሁለት መቶ ሰው የሚያለቅስ ፊት ላከ። እስከ ቀትር ደጃቸውን የረገጠ ግን የለም። ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት ብቻ አንኳኳ። ራሳቸው ከፈቱ።

«እሰይ! አንተ እንኳ ልታለቅስልኝ መጣህ!»

«ነፍስዎን ይማር ጋሼ። የእድሩን ማኅተም ይስጡኝ፤ በስልክ በእርስዎ ቦታ ተመርጬ ነው።»

እሺ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። «አንድ ጎረቤት» ያልኩት ውሸት ነው፤ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።