የማማው ደረጃ

ከመርሳ ከተማ ጀምሮ የተከተላቸው ዝናብ፣ በደን መሐል ካለው አሮጌ ቤተ መንግሥት ሲደርሱም አላባራም። የአምስት ዓመቷ ናጅዋ የቤተ መንግሥቱ ማማ ላይ ካልወጣሁ ብላ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። ሁሪያ ግን ከረጠበው የድንጋይ ደረጃ ዓይኗን መንቀል አቃታት፤ ልጇ ስትንሸራተት ታያት።

“እማ፣ ዝንጀሮዎቹ እኮ ከላይ ይታያሉ! ደረጃው ሥር ያለው ሰሌዳ ምን ይላል?”

ሁሪያ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነበር። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፦ “ሕፃናት ከወላጅ ጋር ብቻ ይውጡ።” እንደገና አነበበችው። ክልክል የሚል ቃል ፈልጋ አጣች። ክልክል ነው ብትላትስ ማን ያውቅባታል? ልጅቷ ገና ፊደል አልቆጠረችም፤ ዘበኛውም ጃንጥላው ሥር አንቀላፍቷል።

“ንገሪኛ!”

ሁሪያ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠች። ድንጋዩ ሻካራ ነበር፤ እግር ይይዛል።

“ከእናትሽ ጋር ውጪ ይላል።”

“ወላሂ በዪ!”

“ወላሂ።”

“አንቺ ግን ፈሪ ነሽ እኮ።”

“ነኝ” አለች ሁሪያ እጇን እየዘረጋችላት። “አጥብቀሽ ያዢኝ። ወደ ታች ሳይ ካገኘሽኝ ቆንጥጪኝ። በይ፣ ቢስሚላህ።”