የኡስታዝ ሙሄ ስድስት ከአሥር

ኡስታዝ ሙሄ ቅቤውን በአውራ ጣታቸው ዛቅ አድርገው የከይሪያን ሉህ አንዱን ጥግ ቀቡ። ሁለተኛውንም ቀቡ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

ቁርኣን ያከተመ ልጅ የተማረበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ሉሁ፣ አራት ማዕዘኑ በቅቤ ይቀባል፤ ኡስታዙ «አልሐምዱሊላህ፣ ትምህርቱ አለቀ» ይላሉ፤ ሰሌዳውም በወላጆቹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ይህን ወግ ከወሎ ይዘው ጋምቤላ ያወረዱት ራሳቸው ኡስታዝ ሙሄ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሲቀቡና ሲያሰቅሉ ኖረዋል፤ አንድም ቀን እጃቸው ቆሞ አያውቅም።

ዛሬ ያቆመው የኢብራሂም ቃል ነው። ኢብራሂም የከይሪያ አባት ነው፤ ባሮ ዳር የጨርቅ ሱቅ አለው። ልጁ በመንግሥት ትምህርት ቤትም የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ፣ ደጋ ወጥታ ጎሬ አክስቷ ዘንድ አርፋ ዘጠነኛ ልትማር ወር ሙሉ ለምናዋለች። እሱ ግን ጠዋት በእንግዶቹ ፊት ቁርጡን ተናገረ። «ኡስታዝ አለቀ ካሉ አልቋል። አላለቀም ካሉ ደግሞ እኔ ማን ነኝ?» ይህን ሲል እየሳቀ ነበር፤ ኡስታዙ ሌላ ነገር ይላሉ ብሎ በሕልሙም አላሰበም።

ከይሪያ እናቷ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ልመናውን ትታዋለች፤ ዓይኗን ግን ከኡስታዙ ጣት ላይ አልነቀለችም።

«ምነው ኡስታዝ፣ ቅቤው አነሰ?» አለ ኢብራሂም።

«ቅቤውስ ይተርፋል። አንተ ያከተምክ ለትም የቀባሁት እንዲሁ ነበር።»

ሁሉም ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። የኢብራሂም ሉህ ከጃንሆይ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል።

«በክረምቱ መግቢያ ወባ ሲጥለኝ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከመድኃኒቱ ጋር የሰጠኝን ወረቀት ይዤ የት ነበር የመጣሁት?»

«እኔ ሱቅ።»

«አነበብክልኝ?»

«ኧረ ኡስታዝ፣ እኔ የአማርኛ ፊደል ከየት አውቄ። እርስዎም እኮ አላወቁም።»

«አላወቅንም። መምህርና ደረሳ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዘን ተፋጠጥን። መድኃኒቱን በባዶ ሆዴ ልውጥ ስል ይቺ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደርሳ ‹ከምግብ በኋላ ነው የሚለው› አለችን። ያን ለት አፈርኩ፣ ኢብራሂም። ገና በአሥራ አምስት ዓመትህ አለቀ ብዬ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ። ቸኩዬብሃለሁ።»

ኢብራሂም አቀረቀረ። እንግዶቹም አቀረቀሩ። ኡስታዝ ሙሄ ያሳደጉትን ሰው በገዛ ቤቱ፣ በደስታው ቀን፣ አሳፍረው መቅረት አልሆነላቸውም። የሚሻለው አብሮ ማፈር ነበር፤ እሱን ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ሲሸሹት ኖረዋል። እጃቸውን በጀለቢያቸው የደረት ኪስ ሰደዱና ለሁለት የታጠፈ ደብተር አወጡ።

«እስኪ አንብቢላቸው።»

ከይሪያ ገለጠችው። ከመስመር እየወጡ የተደረደሩ ትልልቅ ፊደላት ናቸው። «በሬ። ቤት። ባሮ» ብላ ጀመረችና ወደ ገጹ ራስ ስትወጣ ድምጿ ቀነሰ። «ሙሄ ሰይድ፣ አንደኛ ክፍል። ስድስት ከአሥር። በርትተው ያጥኑ።» ቀዩ ጽሕፈት የመምህር በሪሁን መሆኑን ታውቃለች፤ እሷንም ያስተማራት እሱ ነው። «እርስዎ ነዎት፣ ኡስታዝ?»

«እኔ ነኝ። ከአስር ሰላት በኋላ፣ ከጎልማሶቹ ጋር።»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ጎረቤታቸው አጁሉ፣ ዓሣ አጥማጁ አኝዋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነት ነው። ኡስታዝ እኔ ጋር ነው ቁጭ የሚል። እኔ አራት አገኘ፣ እሱ ስድስት። ትንሽ ይበልጣል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኡስታዝ ሙሄም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሦስት ወር ሙሉ በጓሮ ዞረው፣ ደብተራቸውን ደብቀው የተሸከሙት ነገር ይህን ያህል ቀላል ነበር። ምነው ቀደም ብዬ በተገላገልኩት አሉ በሆዳቸው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ፣ ሳቁ በረድ ሲል። «መጀመሪያ የወረደው ቃል ‹አንብብ› ነው። ‹በቃህ› የሚለውን ስፈልግ ሸበትኩ፤ አላገኘሁትም። በሰባ ዓመቴ የእኔ ሳያልቅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለቀላት ብዬ አልዋሽም።» ሉሁን ቀብተው ሳይጨርሱ ለከይሪያ መለሱላት።

ኢብራሂም ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። የተቀየመ መስሏቸው ኡስታዙ ዓይናቸውን የጓዳው በር ላይ ተከሉ። ከጓዳ የሣጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ፤ ከዚያ ብዙ ቆየ።

ሲመለስ ወፍራም ጋቢ ይዟል። ከደጋ ሲወርድ እናቱ የሰጡት ነው፤ በጋምቤላ ሙቀት አንድ ቀን እንኳ ሳይለበስ የብል መድኃኒት ሲሸት ኖሯል። ማንንም ሳያይ ዘረጋውና ልጁ ትከሻ ላይ ጣል አደረገው።

«ጎሬ ይበርዳል» አለ።

ቆርቆሮው ጣሪያ በቀትር ፀሐይ ይንጣጣል። እንግዶቹ በያዙት ሁሉ ያራግባሉ። የከይሪያ ላብ በጆሮ ግንዷ ወርዶ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

«አውልቂው እንጂ ልጄ፣ ትፈያለሽ» አለች እናቷ።

ከይሪያ ጋቢውን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች።