ዝም ያለ ተስማምቷል

ግሬም በጓሮው ግብዣ መሐል የኪራንን አንገትጌ ጨምድዶ ከቋሊማ መጥበሻው ጋር አላተመው። ቋሊማው ሣሩ ላይ ተበተነ፤ የብሮንዊን ውሻ አንዱን ነጥቆ አጥር ሥር ገባ።

«የኔን መልስ» አለው።

ኪራን ከንፈሩ እየደማ ሳቀ።

የአውስትራሊያዋ የፍሪማንትል ወደብ ዓሣ አጥማጆች የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚያዩበትን ሶፍትዌር የጀመረው ግሬም ነው፤ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ማንም የሚያርመው። ብጥስጣሹን ኮድ ገጣጥሞ ፕሮግራም የሚያደርገውን ስክሪፕትም የጀልባ ሞተር ሲፈታ ውሎ፣ እጁ ግሪስ እንደሸተተ የጻፈው እሱ ነው። እንደ ኪራን ያሉ ኮሌጅ የረገጡት ሊያግዙ ሲመጡ «የግሬም ድሪቶ» አሉት። እየሠሩበት፣ እየበሉበት ሳቁበት። እሱ ግን አልረሳም። ቂም እንደ ዝገት ነው፤ ላዩን ቀለም ቢቀቡት ከሥር ይበላል።

ባለፈው ሳምንት ኪራን ድሪቶው ተጥሎ ዘመናዊ መገጣጠሚያ ይተካ ብሎ ለሁሉም ጻፈ። ግሬም አነበበው። ለዚህማ መልስ አልሰጥም፣ ብሎ አፉን ዘጋ። መጥተው እስኪለምኑት ጠበቀ። የለመነው የለም። ዛሬ ጠዋት ስክሪፕቱን ተሰርዞ አገኘው።

«ሦስት ቀን ዝም ያለ ተስማምቷል» አለ ኪራን፣ ደሙን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «ሕጉን ማን አወጣው፣ ሽማግሌው? ስብሰባ አታብዙብኝ ብለህ አንተው አይደለህ?»

ግሬም አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማው። አብራቸው ኮዱን የምትሠራው ብሮንዊን ወገቡን ይዛ ጎተተችው፤ በክርኑ ደረቷን ብሎ ጣላት። የኪራንን ላፕቶፕ ከጠረጴዛው አንሥቶ ከሲሚንቶው ደረጃ ጋር ከሰከሰው፤ ደጋግሞ፣ የስክሪኑ ስባሪ መዳፉን እስኪሸረክተው ድረስ።

«ምን ዋጋ አለው፣ ግሬም» አለች ብሮንዊን፣ ከወደቀችበት ሳትነሣ፣ ደረቷን ይዛ። «ኮዱ ሁላችንም ጋ አለ እኮ።»

የሷ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የኪራን። ቀጥሎ የግሬም ኪስ ነዘረ።

አወጣው። አዲሱ መገጣጠሚያ የት እንዳለ በማይታወቅ ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያ ሥራውን ጨርሷል፤ አንድም ስህተት የለውም፣ ይላል መልእክቱ። መልእክቱን ሊያጠፋ በአውራ ጣቱ ቢያሻሸው ደሙ መስታወቱን አለበሰው። «ተሳክቷል» የሚለው አረንጓዴ ምልክት ከደሙ ሥር ይበራል።