አምስት ግራም ተኩል

ከሸክላ ማጫወቻው መርፌ ሥር ያስቀመጠችው ትንሽ የወርቅ ሚዛን አምስት ግራም ተኩል አሳየ። መርፌው ሸክላውን መጫን ያለበት በሁለት ግራም ብቻ ነበር። መርፌውን የያዘው ክንድ ጫፍ ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን ሳንቲም በጥፍሯ ልጣ አነሳችው።

«አንቺ! መልሺው!» አሉ አባቷ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ሃያ ዓመት እዚያው ነው የኖረው። እሱ ካልተጫነው መርፌው የሸክላው ስንጥቅ ጋ ሲደርስ ይዘላል።»

«ሲጫነው ደግሞ እማዬን ይፍቃታል። ድምጿ እንዴት እንደሻከረ አይሰሙም?»

ሟች እናቷ ያስቀረጸችው ዘፈን ያ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቅጂም አልነበራቸውም። ከክንዱ ኋላ ያለውን፣ የመርፌውን ጫና የሚያስተካክለውን ክብ ብረት በቀስታ አዞረችው። ሚዛኑ ሁለት ሲል ሸክላውን አስቀምጣ መርፌውን አሳረፈች። የእናቷ ድምፅ ወጣ። ስንጥቁ ጋ ሲደርስ መርፌው ቀጭ ብሎ አንድ ቃል ዘለለ።

«አላልኩሽም?» አባቷ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪ ሳንቲሙን!»

«አላመጣም። ይዝለል! አንድ ቃል ቢዘል ምናባቱ! ከእንግዲህ እዚህ ቤት እማዬን የሚፍቃት የለም፤ ከፈለጉ ይቆጡኝ።»

ሳንቲሙን ጨብጣ በሌላ እጇ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። እሳቸው የዘረጉትን እጅ አላጠፉም፤ እሷም ጭብጧን አልፈታችም። እንደተፋጠጡ ስንጥቁ ደረሰ፤ መርፌው ዘለለ።

«ጠብቀኝ» አሉ አባቷ፣ ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ፣ የጎደለችውን ቃል በእልህ።