ጠማማዋ ጉንጉን

ትርንጎ ልጇን ለሠርጓ ሹሩባ እየሠራች ግማሽ ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ቀጥ ብለው ቀሩ። የሰው ሁሉ የእጅ ሙያ በኢንተርኔቱ ደመና ላይ ከተቀመጠ ወዲህ፣ አገልግሎቱ ሲቆም እጅም አብሮ ይቆማል።

"ደግሞ ጀመረው! በየወሩ እየከፈልን!"

"ዛሬ እኮ እንደ አዲስ ያሻሽሉታል ተብሏል፤ ትንሽ ታገሺ እማዬ" አለች ሶስና፣ ያልተሠራውን ጎፈሬዋን በመዳፏ ይዛ። ከውጭ የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ተሰማ።

ትርንጎ ያልተሳለችለት ታቦት አልነበረም። ብቻ ይሻሻል! ብቻ ይድረስልኝ!

ድንገት ጣቶቿ ሞቅ አሏት። እንደዛሬ ፈጥነው አያውቁም፤ አንዲት ፀጉር ሳታመልጣቸው ጨረሱ።

"እሰይ! ይኼ ነው እንጂ!"

ሶስና መስታወቱን አንስታ ራሷን ዞር አድርጋ አየች። "እማዬ፣ ጠማማዋስ?"

ከግራ ጆሮ በላይ ያለችው ጉንጉን በእነሱ ቤት ሁልጊዜ ጠመም ትል ነበር። የትርንጎ እናት፣ እማማ አስካለ፣ ግራኝ ስለነበሩ እንደዚያ ይጎነጉኗት ነበር፤ ለልጃቸውም ያስተማሩት እንደዚያው ነው።

ትርንጎ ፈታችና ጎነጎነች። ቀጥ አለች። እጇን እየታገለች ደግማ ፈታች። ጣቶቿ አሁንም አቃንተው ጨረሷት።

በሩ ተንኳኳ።

"ተይው በቃ፣ ያምራል እኮ" አለች ሶስና መስታወቱን ደፍታ።

ማማሩን ትርንጎም አይታለች። እጆቿን ከልጇ ራስ ላይ አንስታ፣ የሰው ዕቃ እንደተዋሰ ሰው፣ ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።