ጭስ የማያውቀው ምድጃ

ወንዳወቅ ስለ ማገዶ ቁጠባ ሠልጥኖ ወደ ቡሬ ከተመለሰ ወዲህ እንጨት የሚያነድ ሰው ሁሉ ያሳዝነው ጀመር። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ካየ ቆም ብሎ ስለ አየር አገባብ ያስረዳታል። ሴትዮዋም እሸቷ እስኪያርርባት ታዳምጠዋለች። ምን ታድርግ፣ የሠለጠነ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የደረሰላቸው ግን ለአማቱ ነበር። ወይዘሮ እማዋይሽ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአረቄያቸው የታወቁ ናቸው፤ የእሱን ሚስት ጨምሮ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት አረቄ በሚያወጡበት ምድጃ ነው። ምድጃው ይጨሳል፣ እንጨትም ይፈጃል። ወንዳወቅ አንድ ቅዳሜ ጡብ አስጭኖ መጣና ጭቃ አስቦክቶ ሲያስተካክለው ዋለ። አፉን አጠበበው። ከሥሩ የአየር መግቢያ ቀደደለት። ፍልጡ የሚያርፍበት የብረት ርብራብ አስገባለትና ከኋላው ጣራ አልፎ የሚወጣ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ተከለለት። ሲጨርስ በስንጥር አንድዶ አንድ ጣሳ ውኃ አፈላበት። ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። በዚያ ሰፈር ውኃ ማፍላት የቸገረው ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም አጨበጨበ።

"እጅዎ ይባረክ" አሉት ወይዘሮ እማዋይሽ። በዕድሜ ልጃቸው ቢሆንም አማች ነውና አንቱ ነው የሚሉት። አማች የሠራውን ማቃለል ደግሞ እሳቸው ባደጉበት ቤት ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ ወንዳወቅ በየሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል። ሰው ጥየቃ እንዳይመስላችሁ፤ ምድጃ ጥየቃ ነው። ጥቀርሻ የለም። የቆርቆሮው ጫፍ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ደስታውን የት እንደሚያደርሰው ይጠፋዋል።

"ጭሱስ እንዴት ነው እማማ?"

"እርስዎ ከነኩት ወዲህ አንድ ቀን ጭሶ አያውቅም።"

"አመዱስ?"

"አመድ መዛቅ ድሮ ቀረ፤ ዕድሜ ለእርስዎ።"

"እንጨቱንም በግማሽ ሳይቀንስ አልቀረም።"

"ኧረ እሱስ እንጨት የሚባል አይቀምስም" አሉ፤ ነጠላቸውንም ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ወንዳወቅ ይህን ቃል በቃል ቡሬ ላሉት የመሥሪያ ቤቱ አለቆች አደረሰ። አለቆቹ ጓጉ። ጎብኚዎች መጥተው ምድጃውን እንዲያዩ፣ የተባለው እውነት ከሆነም የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን አረቄ አውጪዎች ምድጃ ሁሉ የማስተካከሉን ሥራ ወንዳወቅ እንዲመራ ተወሰነ። ሚስቱን ከዚያን ቀን ጀምሮ "የኃላፊው ባለቤት" እያለ መጥራት ጀመረ።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳው። ጓሮ የተከመረው የባሕር ዛፍ ፍልጥ እንደ ድሮው ያልቃል። እንዲያውም ይብስበታል። ጎብኚዎቹ ይህን ካዩ ጉዱ ፈላ። ወንዳወቅ በጥሞና አሰበበት። ምድጃው ሊሳሳት አይችልም፤ ስለዚህ ሰው ሰርቋል። ሥልጠና የሚባለው ለዚህ ይጠቅማል።

ሌባውን ለማግኘትም ብዙ አልደከመም። እንጨቱን የሚፈልጠው አለበል ነው። በአጥሩ በር አጠገብ ባለችው ክፍል የሚኖር ምስኪን ቢጤ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ወንዳወቅን ሲያይ አንገቱን ይደፋል። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ያምሮትም አለች። ግቢዋ ሁልጊዜ ይጨሳል፣ ወንዳወቅን እንኳ እዚህ ሆኖ ያስለዋል። ይህችን ኋላ ቀር ሴትዮ ቀጥሎ ሊያድናት አስቦ ነበር። አሁን ግን ይህ ሁሉ እንጨት ከየት እንደሚመጣላት ገባው።

ጎብኚዎቹ የሚመጡበት ቀን ሊነጋ ሲል ሳይናገር ደረሰ። አለበል ፍልጡን በሸክም በሸክም በአጥሩ ላይ ለያምሮት ሲያቀብል እጅ ከፍንጅ ያዘው።

"የማን እንጨት ነው?" አለው።

"የእትዬ ነው፣ ጋሼ።"

"የእትዬ እንጨት እዚያ ማዶ ምን ይሠራል?"

አለበል ከበስተኋላ ብቅ ወዳሉት ወደ ወይዘሮ እማዋይሽ አየ። እሳቸው ፊታቸው ደም መሰለ።

"አለበልን ይተዉት" አሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ወንዳወቅ ልቡ ተነካ። እንዲህ ያለች ሩኅሩኅ ሴት ናት እንግዲህ የምትዘረፈው። ጎብኚዎቹ እንደ ሄዱ አለበል ጓዙን ጠቅልሎ ከግቢው እንዲወጣ ነገረው። ወይዘሮ እማዋይሽ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አማች ነው። መልሰው ዘጉት።

ረፋዱ ላይ ጎብኚዎቹ መጡ። ወንዳወቅ ስለ አየር አገባብ አስረዳ፣ እንጨት ስለ ሰረቀው ሰውም አስረዳ። አለበል ጥግ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አረቄ ገና ለብ እንዳለ ከአጥሩ ማዶ መጥቶ ቀረበ። የጎብኚዎቹ መሪ አቶ ቴዎፍሎስ አንድ መለኪያ ጨለጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የምድጃው ልዩነት ያስታውቃል" አሉ። ደገሙ። "እስቲ ደግሞ ሲነድ እንየው።"

ወይዘሮ እማዋይሽ ድንገት መሀል ገቡ። "ዛሬ እንኳ ባይነድ ምናለ?" አሉ።

"አይፍሩ እማማ፣ አያሳፍረንም" አለ ወንዳወቅ።

ኮቱን አውልቆ ለአለበል አስያዘው። ስንጥሩን ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከ፣ እጁንም በጠባቡ አፍ እስከ ክርኑ አስገባ።

እንቁላሏን የታቀፈች ዶሮ ከውስጥ ነቆረችው።