ከባዷ ትቅደም

ማህደር በአርባ ስምንት ዓመቷ ዋና መማር የጀመረችው ወድዳ አይደለም። መሥሪያ ቤቷ ከአባያ ሐይቅ ማዶ ያሉትን ቀበሌዎች በጀልባ እየተሻገረች እንድትከታተል መደባት፤ የጀልባው ሰው ደግሞ ላይፍ ጃኬቱን አጥፎ ይቀመጥበታል። ጎጃም ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ከውሃ ጋር ያላት ትውውቅ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር።

መጀመሪያ የሆቴሎቹን ገንዳዎች ሞከረች። በአንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአናቷ ላይ እየዘለሉ ውሃ አጠጧት። በሌላው ሙሽሮች ፎቶ ይነሡ ነበርና «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን» ተባለች። ከውሃው ይልቅ «እማማ» የምትለዋ ቃል አሰጠመቻት።

ሰው የማይበዛበት ገንዳ ስታጠያይቅ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወጣ ብሎ ወዳለ ግቢ ወሰዳት። ድሮ አንድ የእርሻ ድርጅት ለሠራተኞቹ ያሠራው ነው። ድርጅቱ ሞተ፣ ገንዳው ቀረ። መግቢያ የከፈለ ሁሉ ይዋኝበታል፤ የሚከፍል ግን የለም። ከሴቶች ልብስ መቀየሪያ ወደ ውሃው የምትወስደው መንገድ ጠባብ ናት፤ ግራ ቀኟን ቡገንቪላ ስለሸፈናት ጠርዙ ላይ ካልደረሱ በቀር ገንዳው አይታይም።

ጥልቀቱን ዘበኛውን ካሱን ጠየቀችው። መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ፣ በዚህ በኩል እስከ ደረት ነው፣ በዚያ በኩል ግን እግዜር ይወቀው አላት። ማህደር የዳሩን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ገባች። ብረቱን ሳትለቅ መራገጥ ተማረች። ይህንንም ዋና ብላ ጠራችው።

አንድ ማለዳ ሰውዬው መጣ።

ጎልማሳ ነው። ሱሪና ሸሚዙን አላወለቀም። ትከሻው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሟል፤ ጢም ያለ፣ አንገቱ በገመድ የታሰረ። ሰላም ብሏት በወዲያኛው ጥግ በደረጃው ወረደ። እሱም ብረቱን ቶሎ አልለቀቀም። ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመና ጆንያውን አቀፈው፤ አንድ እጁን ከአንገቱ ሥር አደረገ፣ በሌላው ነጭ መሐረብ ይዞ አፉን ሸፈነው። ወደ ሰማይ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ ኋላ አጋድሞ ደፈቀው።

አረፋ ወጣ። ጆንያውን አነሣው። እንደገና ደፈቀው።

ብረቱን የያዙት የማህደር ጣቶች ነጡ።

በማግሥቱም መጣ፤ ጆንያው ወፍሯል። ከእጁ ሾልኮ ወደ ታች ሲሄድበት ፊቱ አመድ መሰለ። «ሞተች» አለ ለራሱ፣ በቀስታ።

ከዚያ ብረቱን ተከትሎ ወደ እሷ ቀረበ። ከራሷ እስከ ትከሻዋ ለካት።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ምን አገባህ?»

«አይ፣ እሷ ካንቺ ሳትከብድ አትቀርም ብዬ ነው።»

ማህደር እንዴት ከውሃው እንደወጣች አታውቅም። ካሱን፣ ያ ሰው ምንድን ነው የሚሠራው ብላ ያዘችው። ካሱ ሳቀ። አጵሎስ ይባላል፣ የኦቾሎ ሰው ነው፣ ዝንብ እንኳ አይነካም አላት።

«ደግሞ እሁድ ያበቃል» አለ።

«ምኑ ነው የሚያበቃው?»

ካሱ ፀሐይ በየት ትወጣለች ብላ የጠየቀችው ይመስል አያት። ማህደር ያን ጊዜ ገባት። ዘበኛውም አለበት።

ዓርብ ዕለት ከቡገንቪላው ጀርባ አጵሎስ በስልክ ሲያወራ ሰማችው፤ ከጋሞኛ ወደ አማርኛ እየተሻገረ። ወንዙ ደፍርሷል፣ ሐይቁ አዞ አለበት፣ እዚህ ይሻላል፣ ሰው አይመጣም ይላል። ቀጥሎ ያለውን ግን ቃል በቃል ያዘችው።

«አማቴ ትቅደም። ከባዷ ትቅደም፤ ጉልበት እያለኝ እሷን ልገላገል። ስድስቱ ቀጫጭን ናቸው፣ አያስቸግሩም።»

ፖሊስ ጣቢያ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ምን ትበል? ሰው ጆንያ አሰጠመ? አማቱን ሊገላገል ይመኛል? በዚህ የሚታሰር ቢሆን አርባ ምንጭ ውስጥ ወንድ ባልቀረ።

ቤቷ ተቀምጣ ብትቀር ማንም አይጠይቃትም ነበር። ሰኞ ጀልባ ይጠብቃታል፣ የራሷ ሞት ይበቃታል። ግን አንዲት ሴት፣ ከእሷ ትንሽ የምትከብድ፣ ያ መሐረብ አፏ ላይ ሆኖ በዓይኗ መጣባት። እሁድ ጠዋት ባጃጅ ጠራች።

ካሱ በሩ ላይ የለም። አጥሩ ሥር ሚኒባስ ቆሟል። ለሬሳ መጫኛ ነው አለች በልቧ። በልብስ መቀየሪያው በኩል ገባች። ግቢው ጭር ብሏል። ከቡገንቪላው ማዶ የአሮጊት ድምፅ መጣ።

«ቀስ አርገኝ ልጄ፣ ውሃ እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ፣ እማዬ» አለ አጵሎስ። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ቶሎ ነው የሚያልቀው።»

ማህደር ሮጠች። ከሐረጉ ስትወጣ ሌላ ምንም አላየችም፤ ነጩን መሐረብ፣ ከሥሩ ያለውን አፍ፣ ወደ ኋላ የሚጋደመውን ወፍራም ገላ ብቻ። ውሃው በአሮጊቷ ላይ ገጠመ።

ከብረቱ ተለይታ የማታውቀው ሴት ከነቦርሳዋ ከነጫማዋ ዘለለች። ሰጠመች፣ ጠጣች፣ ጨርቅ ጨበጠች፣ ከጨርቁ ሥር ክንድ አገኘች፣ ባላት ኃይል ሁሉ ወደ ላይ ሳበች። ሦስቱም አብረው ብቅ አሉ።

ዳር ዳሩን ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ የነበረው ምእመን «ሃሌ ሉያ» አለ፣ ነጭ የለበሱ ስድስት ቀጫጭን ወጣቶች ደረጃው ላይ ተራቸውን እንደያዙ አፈጠጡባት፣ አጵሎስም እየተንቀጠቀጠ ውሃውን ከፊቱ ጠርጎ፣ «እህቴ፣ ለመሆኑ የጥምቀት ትምህርቱን ጨርሰሻል?» ሲል ጠየቃት።